የፔጆዋ ሞላ አልተኛም አለ

ተረት ተረት። «የላም በረት» ብላችሁ አትመልሱልኝ፤ በዚህ ተረት ውስጥ ላም የለችም። ፍየል ግን አለች። ትንሽ ቆይታ ትመጣለች፤ እስክትመጣ ድረስ የቀለም ቡሩሽ ያላችሁ ሰዎች ቡሩሻችሁን ጠብቁ።

በድሬዳዋ፣ በከዚራ ሰፈር፣ በአንድ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር አንዲት ፔጆ አራት መቶ አራት ነበረች። «ነበረች» ስል ሞተች ማለቴ አይደለም። የፔጆ አራት መቶ አራትን ሞት በዐይኑ ያየ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ባለቤቷ ጋሽ ንጋቱ ይባላሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከድሬ ሐረር፣ ከሐረር ድሬ ሰው ሲያመላልሱባት ኖረው አሁን እሳቸውም እሷም ጡረታ ወጥተዋል።

ጋሽ ንጋቱ በሁለት ነገር አይደራደሩም፤ በሃይማኖታቸውና በኦሪጅናል ዕቃ። ከፋብሪካ አብሮ የመጣ ዕቃ ቢላላ ይጠበቃል፣ ቢዝግ ይወለወላል፣ ቢሰበር ይታዘንለታል እንጂ አይነቀልም። ስለዚህ ከዕለታት አንድ ቀን የፊተኛው ወንበር ሞላ ተሰብሮ ጫፉ ብቅ ሲል ጋሽ ንጋቱ ሞላውን አልነቀሉትም፤ ወንበሩን አለበሱት። ሞላው ልብሱን በስቶ ወጣ። በልብሱ ላይ ሌላ ልብስ ደረቡለት። ያንንም በሳው። ፕላስቲክ ደረቡ፣ ምንጣፍ ደረቡ፣ ነብር የተሣለበት ጨርቅ ደረቡ፣ ዳንቴል ደረቡ። ወንበሩ እንደ ሽንኩርት ልብስ በልብስ ሆነ፤ ሞላው ግን ነብሩንም ዳንቴሉንም እኩል እየበሳ ወጣ። የድሬ ሰው መኪና ውስጥ ወደ ግራ ጋደል ብሎ መቀመጥን የተማረው ከዚህ ወንበር ነው ይባላል። የሚለው እኔ ነኝ።

የጋሽ ንጋቱ ባለቤት እትዬ አልጣሽ ናቸው። እትዬ አልጣሽ ወገባቸውን ታመው ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ ዋሉ፤ ጣራ እያዩ ነጋ፣ ጣራ እያዩ መሸ። በዚያ ጊዜ ለቁልቢው ገብርኤል ተሳሉ። ሌላው ሰው «በባዶ እግሬ እወጣለሁ» ይላል፤ ሌላው «ድንጋይ ተሸክሜ እመጣለሁ» ይላል። እትዬ አልጣሽ ግን እንዲህ አሉ፦

«ከዚህ አልጋ አንሣኝ እንጂ፣ በንጋቱ መኪና፣ ከፊት ወንበር፣ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ መጥቼ አመሰግንሃለሁ።»

ይህን ስለት የሰሙ ጎረቤቶች ትንሽ አነሰባቸው። መቀመጥም ስለት ሆነ ወይ ብለው አሟቸው። ዓመት ሙሉ ያልተኛ ሰው መቀመጥን እንደ ቀላል ነገር ያየዋል። ከፊት ወንበር መሆኑስ ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃቸውም፤ እሳቸውም አልተናገሩም።

ገብርኤል ሰማ፤ እትዬ አልጣሽ ተነሡ። ሐኪሙም ወገባቸውን አይቶ ደስ አለው፤ ብቻ ምንም ነገር እንዳይነካው አደራ አለ። ታኅሣሥ ገባ። የንግሡ ቀን ሲቃረብ እትዬ አልጣሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ፣ የፔጆዋን በር ከፈቱ፣ ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ወዲያውም ተነሡ። ሄደው ከበር ላይ ባለችው የእንጨት ወንበራቸው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ሞላው የሐኪሙን አደራ አልሰማም ነበር።

ጋሽ ንጋቱ ሞላውን በመዳፋቸው ተጭነው ተኛ አሉት። ሞላው አልተኛም አለ። ሞላው ካልተኛ እትዬ አልጣሽ አይቀመጡም፤ እትዬ አልጣሽ ካልተቀመጡ ስለት አይደርስም።

ጋሽ ንጋቱ አሰቡ። ብዙ አሰቡ። በመጨረሻም በሕይወታቸው ሙሉ ያላሰቡትን አዲስ መፍትሔ አገኙ፤ ወንበሩን ሌላ ልብስ ማልበስ።

የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊው ሸምሱ ይባላል። ሸምሱ ጋሽ ንጋቱን ሲያይ ከስፌት መኪናው ተነሥቶ አቀፋቸው። ሚስቱ ምጥ በያዛት ቀን ሐኪም ቤት ያደረሰቻት ይቺ ፔጆ ናት፤ የበኩር ልጁ ገና ሲወለድ ጥሩንባዋን ሰምቶ ነው ያለቀሰው። ሸምሱ ይህን ሁሉ አንሥቶ አመሰገነ፣ መረቀ፣ ወንበሩን ዳበሰ፣ ሞላው ጣቱን ወጋው፣ ጣቱን ጠባ።

«ጋሽ ንጋቱ፣ ላንተ ያልሰፋሁ ለማን እሰፋለሁ? ግን ፕላስቲኩ በድሬ ፀሐይ ሰው ይጠብሳል። ወፍራም የጥጥ ጨርቅ አምጣ። ያለ ጨርቅ አልሰፋም» አለ። (የድሬ ልጅ የሚወደውን ትልቅ ሰው «አንተ» ነው የሚለው። አንቱ ካላችሁ ምን እንዳስቀየማችሁት አስቡ።)

ስለዚህ ሸምሱ ካልሰፋ ሞላው አይተኛም፤ ሞላው ካልተኛ እትዬ አልጣሽ አይቀመጡም፤ እትዬ አልጣሽ ካልተቀመጡ ስለት አይደርስም።

ጨርቅ ከመገዛቱ በፊት ቀለም መመረጥ አለበት። ወሬው በሰፈሩ ሲሰማ ሰው ሁሉ ከኒሙ ሥር ተሰበሰበ። ጉዳዩ የእትዬ አልጣሽ ወገብ በነበረ ጊዜ ከጠያቂው የተረፈ ወንበር ነበር፤ ጉዳዩ የወንበር ልብስ ሲሆን ግን ለተሰብሳቢው ወንበር ጠፋ። አንዱ ቀይ ከፋይ ይሁን አለ፤ ሙሽራ የምትጫንበት ይመስላል ተብሎ ተነቀፈ። አንዱ ስለቱ ለመልአክ ስለሆነ ነጭ ይሁን አለ፤ አቧራው መልአክ እንደማይፈራ ተነገረው። አንዱ ነብሩ ይደገም አለ። ሌላው ደግሞ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጦ የማያውቅ፣ ወደፊትም የማይቀመጥ ሰው፣ ሰማያዊ ካልሆነ በስሜ አትጥሩኝ ብሎ ተቆጣ። ክርክሩ በጣም የተከበረ ነበር። እትዬ አልጣሽን ማንም አልጠየቀም። እሳቸው ግን ከእንጨት ወንበራቸው ላይ ሆነው «ቡናማ» አሉ። ሁሉም ተስማማ። በአንድ በኩል ነገሩ ልክ ስለሆነ ነው፤ በሌላ በኩል ምሳ ስለ ደረሰ ነው።

ቡናማ የጥጥ ጨርቅ በቀፊራ ገበያ አንድ ሰው ጋ ብቻ ተገኘ፤ እማማ ፈትሒያ ጋ። እማማ ፈትሒያ ጋሽ ንጋቱን ሲያዩ ምርቃቱን ገና ከሩቅ ጀመሩ። አንድ ጊዜ ዝናብ በድንገት ሲወርድ ሸቀጣቸውን በሙሉ ጭና ከውኃ ያወጣችላቸው ይቺው ፔጆ ናት። ያቺ መኪና ባትኖር ዛሬ ነጋዴ አልባልም ነበር አሉ። ጨርቁማ አለ አሉ፤ ይኸውልህ አሉ፤ በእጃቸውም አመለከቱ። ቡናማው ጣቃ በላስቲክ እንደ ተጠቀለለ በሱቁ መካከል ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ጫፉ ላይ ደግሞ የሱቁ ጣራ ዐርፏል። ምሰሶው በምስጥ ተበልቶ በወደቀ ጊዜ እማማ ፈትሒያ ጣቃውን አቁመውበት ነበር።

«ልጄ፣ ይህን ጣቃ ብነቅለው ገበያው ሁሉ እኔን ከቆርቆሮ ሥር ሲፈልግ ይውላል። ምሰሶ ካልተተከለልኝ አልነቅልም» አሉ።

ስለዚህ እማማ ፈትሒያ ካልነቀሉ ሸምሱ አይሰፋም፤ ሸምሱ ካልሰፋ ሞላው አይተኛም፤ ሞላው ካልተኛ እትዬ አልጣሽ አይቀመጡም፤ እትዬ አልጣሽ ካልተቀመጡ ስለት አይደርስም።

ጋሽ ንጋቱ ወደ አናጢው ወደ ኢብሳ ሄዱ። ኢብሳ መዶሻውን ጥሎ ተቀበላቸው። ሙሽራ ሆኖ ከጉርሱም መንገድ ሲመለስ፣ የሚዜዎቹ መኪና ሁሉ ጭቃ ይዟቸው ሲቀሩ፣ እሱንና ሙሽራይቱን ሳትቆም ያስገባች ይቺ ፔጆ ናት። ጋሽ ንጋቱን አስቀምጦ ትዳሩን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተረከላቸው። አሁን አራት ልጆች እንዳሉት፣ አራቱም የፔጆዋ ውለታ እንደሆኑ ነገራቸው። እንጨቱም ተዘጋጅቷል፣ ምስማሩም አለ፣ ክንዱም አለ። ጣራውን ከላይ ሆኖ የሚያነሣበት መሰላል ግን የለም። መሰላሉን ለቀለም ቀቢው ለጌጡ አውሶት ጌጡ አልመለሰም። ያለ መሰላል ምሰሶ አልተክልም አለ ኢብሳ፣ እያዘነ።

ማታ ጋሽ ንጋቱ ቤታቸው ገብተው ለእትዬ አልጣሽ ነገሩን በቅደም ተከተል አስረዱ። ኢብሳ ካልተከለ እማማ ፈትሒያ አይነቅሉም፤ እማማ ፈትሒያ ካልነቀሉ ሸምሱ አይሰፋም፤ ሸምሱ ካልሰፋ ሞላው አይተኛም፤ ሞላው ካልተኛ አንቺ አትቀመጪም፤ አንቺ ካልተቀመጥሽ ስለት አይደርስም አሉ።

እትዬ አልጣሽ ሰሙና «ሁሉም አመሰገኑህ?» ብለው ጠየቁ።

«በጣም እንጂ» አሉ ጋሽ ንጋቱ። «በሕይወቴ እንዲህ ተመስግኜ አላውቅም።»

«ጥሩ ነው» አሉ እትዬ አልጣሽ።

በማግስቱ ጋሽ ንጋቱ ጌጡን ፍለጋ ወጡ። ጌጡ አልጠፋም፤ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ዳር ባለው ሻይ ቤት መሰላሉ ጫፍ ላይ ባልዲውን አቅፎ ተቀምጧል። የግድግዳው የላይኛው ግማሽ በረዶ የመሰለ ነጭ ነው፤ የታችኛው ግማሽ እንደ ዱሮው ነው። ሻይ ጠጪዎቹ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ጌጡን ያያሉ። ጌጡ ከላይ ሆኖ እጅ ነሣ። እናቱ ሐረር ሆስፒታል በተኙ ጊዜ በየሳምንቱ በነፃ ያመላለሰችው ይቺ ፔጆ ናት። ይህን ከመሰላል ላይ ሆኖ ሲናገር ሻይ ጠጪዎቹም አብረው አመሰገኑ። ጋሽ ንጋቱ፣ እንግዲያው ልጄ ውረድና መሰላሉን ስጠኝ አሉት።

ጌጡ አልወርድም አለ። ምክንያቱም ከታች ፍየል አለች።

(መጣች ይኸው። ብዬ ነበር።)

ፍየሏ ነጭ ናት፤ ገሚሷ በተፈጥሮዋ፣ ገሚሷ በጌጡ ቀለም። ቡሩሹ የቃጫ ነው፤ ቃጫ ደግሞ ለፍየል ሰላጣ ነው። አንዱን ቡሩሽ ከነእጀታው በልታዋለች። ሁለተኛውን ይዞ ጌጡ ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ለመውረድ እግሩን ባነሣ ቁጥር ፍየሏ አንገቷን ታነሣለች። ሥራ ፈት እንዳይባልም የላይኛውን ግማሽ ደግሞ ደጋግሞ ይቀባል፤ ግድግዳው ከላይ እየወፈረ ሄዷል። ሻይ ጠጪዎቹ ፍየሏን ለምን እንደማያባርሩ ጋሽ ንጋቱ ጠየቁ። ካባረርናት ምን እናያለን አሏቸው።

ስለዚህ ጌጡ ካልወረደ ኢብሳ አይተክልም፤ ኢብሳ ካልተከለ እማማ ፈትሒያ አይነቅሉም፤ እማማ ፈትሒያ ካልነቀሉ ሸምሱ አይሰፋም፤ ሸምሱ ካልሰፋ ሞላው አይተኛም፤ ሞላው ካልተኛ እትዬ አልጣሽ አይቀመጡም፤ እትዬ አልጣሽ ካልተቀመጡ ስለት አይደርስም።

ጋሽ ንጋቱ ፍየሏን በቀንዷ ይዘው ወደ ጋጣዋ መለሷት። ገና ጀርባቸውን ሲያዞሩ ቀድማቸው ሻይ ቤት ደረሰች። ደግመው መለሷት፤ ደግማ ቀደመቻቸው። ፍየሏ አልገባም አለች። በሩ ክፍት ነው፤ ክፍት በር እያለ ውስጥ የሚቀመጥ ፍየል አይደለም ማለቷ ነው፤ በዚህስ ልንፈርድባት አንችልም።

የፍየሏ ባለቤት ሃጂ ቡሽራ ናቸው። ሃጂ ቡሽራ ጋሽ ንጋቱን የተቀበሉት መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ጀርባቸውን ለጋጣው በር አስደግፈው ነው። ባለመነሣታቸውም ይቅርታ ጠየቁ። ሐጅ ሄደው የተመለሱ ቀን ከአውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለቻቸው ፔጆዋ ናትና ለእሷ ቢሆን ቆመው በተቀበሉ ነበር አሉ፤ ግን በሩ አልገጥምም ብሏል። የሚመልሰው ነገር የለውም፤ ተገፍቶ ይከፈታል፣ ተከፍቶም ይቀራል። ስለዚህ የቀሩት ፍየሎች እንዳይከተሏት ሃጂ ራሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውታል። ለሶላት ሲነሡ ብቻ ፍየሏ ትወጣለች፤ ቅድም ጋሽ ንጋቱ ሲመልሷትም ሶላት ላይ ነበሩ። የሶላት ሰዓት ሲደርስ አዛኑ ሳይሰማ ጆሮዋን የምታቆመው እሷ ናት አሉ፤ ከሷ በፊት ተነሥቼ አላውቅም አሉ። ፍየሏን ከወዲያ አምጥተው ቢያስገቧትም በሩ እስኪገጥም ድረስ በሚቀጥለው ሶላት መውጣቷ አይቀርም፤ አንዱ ለሶላት፣ አንዱ ለበር የሚሆን ሁለት ጀርባ የለኝም አሉ።

«ሞላ ነው የሚፈልገው» አሉ ሃጂ። «ደኅና ሞላ። የዛሬው ሞላ ግን ፍየል ስታስል ይተጣጠፋል። የዱሮ የመኪና ሞላ ባገኝ ይቺ ፍየል የሚቀጥለውን ሻይ በሕልሟ ነበር የምታየው። ከየት ይገኛል እንጂ።»

ከየት ይገኛል አሉ ጋሽ ንጋቱም። አብረው አዘኑ። በመኪና ዕቃ ሠላሳ ዓመት የኖሩ ሰው ናቸውና ሐዘናቸው የባለሙያ ሐዘን ነበር። የዱሮ ሞላ አሁን ብርቅ ነው አሉ፤ ያለው ሰው አይሰጥም አሉ፤ እኔም ብሆን አልሰጥም አሉ። ይህን ብለው ተሰናብተው ሄዱ።

ማታ እትዬ አልጣሽ እንደ ልማዳቸው ቀጥ ብለው ተቀምጠው ጠበቋቸው። ነገ ዋዜማ ነው። ጋሽ ንጋቱ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘረዘሩት፦

በሩ ካልገጠመ ፍየሏ አትገባም፤ ፍየሏ ካልገባች ጌጡ አይወርድም፤ ጌጡ ካልወረደ ኢብሳ አይተክልም፤ ኢብሳ ካልተከለ እማማ ፈትሒያ አይነቅሉም፤ እማማ ፈትሒያ ካልነቀሉ ሸምሱ አይሰፋም፤ ሸምሱ ካልሰፋ ሞላው አይተኛም፤ ሞላው ካልተኛ አንቺ አትቀመጪም፤ አንቺ ካልተቀመጥሽ ስለት አይደርስም።

እትዬ አልጣሽ ቀስ ብለው ጠየቁ፤ በሩ የሚገጥመው በምንድን ነው?

በሞላ ነው፣ በዱሮ የመኪና ሞላ፣ አሁን የማይገኝ ዕቃ ነው አሉ ጋሽ ንጋቱ።

«እኔ ግን አንድ አውቃለሁ» አሉ እትዬ አልጣሽ። «እዚህ ጋ ነው የሚወጋኝ።» ዞረው በጣታቸው ወገባቸውን አሳዩ። «የሃጂ ጀርባ ሞላ አጥቶ በር ይደግፋል። የእኔ ጀርባ ሞላ ተርፎት ቤት ውሏል።»

ጋሽ ንጋቱ ወደ ፔጆዋ አዩ። ወደ ሚስታቸው አዩ።

«አልጣሽ» አሉ በልምምጥ፣ «ኦሪጅናል ነው እኮ።»

«ወገቤም ኦሪጅናል ነው» አሉ እትዬ አልጣሽ። «መለዋወጫም የለውም።»

ጋሽ ንጋቱ ፒንሳቸውን አነሡ፣ ወደ ወንበሩ ሄዱ፣ ዳንቴሉን ገለጡ፣ ነብሩን ገለጡ፣ ምንጣፉን ገለጡ፣ ፕላስቲኩን ገለጡ፣ ሥር ያለውን ጨርቅም ሳያዩት ወደ ጎን ገፉት። ሞላውን ያዙት። ባርኔጣቸውን ያላጠለቁት ለዚህ ይሁን በሙቀቱ አላውቅም። ነቀሉት። ሞላው ከነበረበት ሲወጣ እንደ ክራር ድምፅ ሰጠ፤ እትዬ አልጣሽም ከእንጨት ወንበራቸው ላይ እፎይ አሉ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በአንድ ትንፋሽ ካልነገርኩት አይጥምም። በዋዜማው ማለዳ ሞላው በሩ ላይ ሲገባ በሩ ገጠመ፤ በሩ ሲገጥም ፍየሏ ገባች፤ ፍየሏ ስትገባ ጌጡ ወረደ፤ ጌጡ ሲወርድ ኢብሳ ተከለ፤ ኢብሳ ሲተክል እማማ ፈትሒያ ነቀሉ፤ እማማ ፈትሒያ ሲነቅሉ ሸምሱ ሰፋ። ሃጂ ቡሽራ ከበሩ ተነሥተው ልብሳቸውን አራገፉና ሞላውን በመዳፋቸው እያሻሹ፣ እንደ ሰው ስም ሰጥተው አመሰገኑት። ፍየሏ በሩን አንዴ ገፋችው፤ በሩ መልሶ ገፋት። ተከባበሩ። ሻይ ጠጪዎቹ ብቻ ናቸው ያዘኑት፤ እነሱም ወንበራቸውን ወደ ቦታው መለሱ።

አንዳንድ አዋቂ ሰው ይነሣና፣ ሞላው ከተነቀለ አዲሱ ልብስ ለምን አስፈለገ ይል ይሆናል። እንዲህ ያለ ሰው ሙሽራን ካልበረደሽ ቬሎ ለምንሽ የሚል ሰው ነው፤ አትስሙት። ደግሞም ሞላው የነበረበት ቦታ ጎድጉዷል። ሸምሱ የፔጆዋን በር ከፍቶ ወንበሩን በቡሎኑ ፈትቶ አወጣው፤ ድርቡን ሁሉ አንድ በአንድ ገፈፈ። ዳንቴሉን እትዬ አልጣሽ ለጠረጴዛ ወሰዱት። ነብሩን፣ ነብሩ ይደገም ያለው ሰው ወሰደው። ከሁሉም ሥር፣ ከፋብሪካው አብሮ የመጣው የመጀመሪያው ልብስ ተገኘ። ከሞላው ቀዳዳ በቀር ምንም አልሆነም፤ ከተደረበበት ወዲህ ፀሐይ አላየውም፣ ሰው አልነካውም።

ቡናማ ነበር።

ያን ሁሉ ሰዓት የተከራከርንበትን ጉዳይ አንድ የማናውቀው የፋብሪካ ሰው ከመወለዳችን በፊት ጨርሶት ኖሯል። እትዬ አልጣሽ ግን አልገረማቸውም። ጋሽ ንጋቱ ፔጆዋን ገዝተው ወደ ቤት ያመጧት ቀን እሳቸው በመስኮት አይተውት ነበር፤ ከተደረበበት ወዲህ ግን ያስታወሰው ሌላ ሰው የለም።

ሸምሱ ጎድጓዳውን በስፖንጅ ሞላ፣ አሮጌውን ልብስ አስተካክሎ መለሰ፣ በላዩ አዲሱን ቡናማ አለበሰ። ጠርዙን ጎተተ፣ በሽቦ ቀለበት ከሥር አሠረ፣ ማእዘኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገ፣ ሽብሽቡን በጣቱ እየገፋ እስከ ጠርዝ አባረረው። በመጨረሻም ራሱ ተቀመጠበት፤ ሲነሣ ጣቱን አልጠባም። እናንተም ገብርኤልን ከሸምሱ ሰላም በሉልኝ አለ፤ የኔም ልጅ በሱ ጥበቃ ነው የተወለደው አለ።

በንግሡ ዕለት ጎህ ሲቀድ እትዬ አልጣሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። የፔጆዋን በር ከፈቱ። ከፊት ወንበር ተቀመጡ። አልተነሡም።

ጎረቤቱ ሁሉ በር ላይ ቆሞ መረቀ። ፔጆዋ ሁለት ጊዜ አስላ ተነሣች። ከተማውን ለቀው የደንገጎን ጠመዝማዛ ጀመሩ። መንገዱ በእግረኛ ተሞልቷል፤ አንዱ ሻማ ይዟል፣ አንዱ ጃንጥላ ይዟል፣ አንዱ ድንጋይ ተሸክሟል። እትዬ አልጣሽ በመካከላቸው ቀጥ ብለው ተቀምጠው ያልፋሉ። ወደ ግራም አልተጋደሉም፤ ወደ ቀኝም አልተጋደሉም። ጋሽ ንጋቱ ዐይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ ይነዳሉ።

«ንጋቱ» አሉ እትዬ አልጣሽ። «ለምን ከፊት ወንበር እንዳልኩ አልጠየቅኸኝም።»

እውነትም አልጠየቁም ነበር። አሁን ጠየቁ።

«ሠላሳ ዓመት በዚህ መንገድ ለተሳፋሪ ወሬ ስታወራ ኖርክ። ፊት ሁልጊዜ ሰው አለ። እኔ ስሄድ ከኋላ ነኝ፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ ነፋሱ ይጮሃል፣ የምሰማው የሌላውን ሰው ሳቅ ብቻ ነው። አልጋ ላይ ሆኜ የናፈቀኝ ያ ነው። ያ ሰው ምን ሰምቶ ነው የሳቀው እያልኩ ጣራ ሳይ ከረምኩ።»

ጋሽ ንጋቱ አንዱን ኩርባ ዞሩ። ሌላውን ዞሩ። ለሠላሳ ዓመት ተሳፋሪ ወሬ አጥተው የማያውቁ ሰው አንዲት ቃል ጠፋቻቸው። ምን ልንገርሽ አሉ።

«የፍየሏን ንገረኝ» አሉ እትዬ አልጣሽ።

ታውቂው የለም ወይ አሉ ጋሽ ንጋቱ።

«ማታ የነገርከኝ አንገትህን ደፍተህ ነው። ለተሳፋሪ እንደምትነግረው ንገረኝ።»

ጋሽ ንጋቱ ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። እንግዲህ፣ አሉ፣ በሩ ካልገጠመ ፍየሏ አትገባም። ፍየሏ ካልገባች፣ አሉ እትዬ አልጣሽ፣ ጌጡ አይወርድም። ጌጡ ካልወረደ ኢብሳ አይተክልም፣ አሉ ጋሽ ንጋቱ፤ የጌጡን እግርም ከመሪው ላይ ባነሡት እጃቸው አሳዩ። እማማ ፈትሒያ ላይ ሲደርሱ እትዬ አልጣሽ ሳቁ፤ ሸምሱ ላይ ሲደርሱ በጣም ሳቁ፤ ወገባቸውም ሲስቁ አልነካቸውም። ድንጋይ የተሸከመው እግረኛ መንገዱን ሲለቅላቸው ሳቁን ሰማና፣ ይቺ ሴትዮ ምን ሰምታ ነው ብሎ ዞሮ አየ።

ቁልቢ ሲደርሱ እትዬ አልጣሽ ከሕዝቡ መካከል ቆመው ስለታቸውን አደረሱ። በስም በስም ነው ያመሰገኑት፤ ሃጂ ቡሽራን፣ ጌጡን፣ ኢብሳን፣ ፈትሒያን፣ ሸምሱን፣ ሐኪሙንም። ጋሽ ንጋቱ ፍየሏንስ ብለው በሚስታቸው ጆሮ ጠየቁ። ከሁሉ በፊት ነው ያነሣኋት አሉ። ሞላውንስ አሉ ጋሽ ንጋቱ። እሱንም አሉ እትዬ አልጣሽ፤ ባይወጋኝ ኖሮ መቼ ትነግረኝ ነበር አሉ።

ተረቴን መልሱ፣ ወንበሬን አልብሱ።